የአባባ ብልቃጦች

ናዝሬት፣ ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ናስሩ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህ ከሾፌሩ ከወዬሳ የዓሣ ሳጥን ሥር ተወሽቃ ስለመጣች ወረቀቷም ቤታችንም የቆሮሶ ዓሣ ሸተተ። አባባ ግን አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ደጋግመው አሸተቷትና "እየበላ ነው ማለት ነው" ብለው ደስ አላቸው። እኔማ ካነበብኳት በኋላ ምድጃ ውስጥ ከተትኳት። አንተም የኔን እንደዚያው አድርግ፤ ከግርጌ አባባ እንደ ልማዳቸው ስማቸውን ቢጽፉባትም።

ለጥያቄህ መልስ፣ አዎ፣ የስኳር መርፌያቸውን ጠዋትና ማታ እየተወጉ ነው። የምወጋቸው እኔው ነኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ እፈራ ነበር፤ አሁን ግን የስፌት መኪናዬን ክር ከማስገባት አልለየውም። ሲሪንጁን እቀቅላለሁ፣ ብልቃጡን በመዳፌ አንከባልላለሁ፣ ጠዋት በግራ ጭናቸው፣ ማታ በቀኙ። ልኩን በምን ታውቂያለሽ ላልከው፣ ይቅርታ አድርግልኝና በደብዳቤ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፣ ግን አንተው ጠየቅኸኝ። አባባ ጓሮ ሸንተው ሲመለሱ ጉንዳን ቦታውን ከወረረው ስኳሩ ጨምሯል፤ ድርሽ ካላለ ልክ ነው። ለጤና ጣቢያው ድሬሰር ለኃይለየሱስ ብነግረው ስቆ ስቆ ሲያበቃ "ላብራቶሪ እስክትሄዱ እሱንም እያየሽ ንገሪኝ" አለኝ።

ብልቃጦቹ ግን እንደ ድሮው ቀበሌ መዝናኛ ክበብ ፍሪጅ ውስጥ አይደሉም። የቀበሌው ሊቀመንበር ብዙነህ "ፍሪጁ የሰፊው ሕዝብ ነው" ብሎ ከልክሎናል። አባባ እንግዲህ ከሰፊው ሕዝብ ወጥተዋል ማለት ነው። እዚያ የነበሩትንም ከቢራው ጋር ቆልፎባቸዋል። ለምን እንደተቆጣ ታውቀዋለህ፤ የቀበሌው የውትድርና ኮታ በአንድ ሰው ጎድሎበታል፣ ያ አንድ ሰው ደግሞ አንተ ነህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው።

እጄ ላይ የቀሩትን ብልቃጦች በጣሳ ከትቼ አሸዋ የሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ። የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው እንኳ እጅህን ብትከትበት ምንጭ የነካህ ይመስልሃል። ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ እናትነሽ ናቸው። "እኛ ጴንጤዎች ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ያልደበቅነው ነገር የለም፤ ብልቃጥ ምን ያቅተናል?" ነው ያሉኝ።

አባባን ለማየት ልምጣ ወይ ብለሃል። አትምጣ። ለሌላም ነገር ቢሆን አትምጣ።

እህትህ ፋዲላ

አዳሚ ቱሉ፣ ጥር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ፋዲላ፣

ወአለይኩም ሰላም። ስለ ጉንዳኑ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰዎቹ አበደ ብለውኛል። ለሳቅ ብዬ እንዳልሆነ ግን ታውቂያለሽ።

ስለ እኔ አታስቢ። ቀን መረብ እጠግናለሁ፣ ንጋት ላይ ከአዛውንቱ ከሰንበታ ጋር ዝዋይ ኃይቅ ላይ ታንኳ እወጣለሁ። ሰንበታ ማን እንደሆንኩ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለፈው ወታደሮች መንገዱ ላይ ወጣት ሲያፍሱ መረቡን አለበሱኝና "ኩኒ ኢልማ ኮቲ" አሏቸው። ይኼ ልጄ ነው ማለታቸው ነው። የአባባ እርጅና ትዝ አለኝ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። ብዙነህ ፍሪጁን ይዞ ይቀመጥ። የተከፈለኝን ይዤ ሻሸመኔ ድረስ ሄጄ ከመድኃኒት ቤት አዳዲስ ብልቃጦች ገዝቻለሁ። በዚህ ሙቀት እንዳይበላሹ የኃይቁ ሰዎች ለዓሣ የሚያደርጉትን ሁሉ አድርጌላቸዋለሁ። ከሥር በረዶ፣ ከላይ በረዶ፣ በረዶው ላይ ጨው፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ። ጨው የነሰነሱበት በረዶ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ዓሣው አዲስ አበባ ሲገባ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚወርደው። ወዬሳ ሳጥኑን እዚያው ጋቢና ውስጥ ከእግሩ ሥር አድርጎ ያመጣልሻል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባባ የሚረባ ነገር ያደረግሁ ይመስለኛል። የመጣውን ውጊያቸው፣ የማሰሮውን ለክፉ ቀን አቆዪው። ደረሰ በይኝ።

ወንድምሽ አብዱናሲር

ናዝሬት፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ናስሩ፣

ደርሷል። ጤና ይስጥህ። አባባ ብልቃጦቹን ሲያዩ "ልጄ ነጋዴ ሆነ" ብለው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሊያወሩ ሲሉ አፋቸውን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ስለተቀየምኩ አይደለም። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። እንዳልከኝ ያንተን መውጋት ጀመርኩ። ጓሮው በጉንዳን ጠቆረ። ልኩን ከፍ አደረግሁ፣ ጉንዳኑ ባሰበት። አባባ ውኃ አይጠግቡም፣ ልብሳቸው ሰፋቸው፣ የበሉትን መመለስ ጀመሩ። ኃይለየሱስ መጣና ብልቃጡን ወዝውዞ ወደ ብርሃን አነሳው። እንደ ወተት መሆን የነበረበት መድኃኒት እንደተበላሸ ወተት ተቆራርጧል። "ይኼ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው፤ ኢንሱሊን መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም፤ አንዴ ከረጋ ውኃ ነው የምትወጊያቸው" አለኝ።

ጨውህ ነው ናስሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተን ነው። ልጣላህ ብዬ አስቤ ነበር፣ አንጀቴ እምቢ አለ። አባትህን እንደ ዓሣ ነው የተንከባከብከው፤ ከዓሣ ጋር የሚውል ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያውቃል? ጥፋቱ የኔም ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ሳላይ መርፌውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ደግሞስ የማሰሮውን ያን ሰሞን ስኳር ላለባት ለአንዲት የተቸገረች ሴት አካፍዬ ነበር፤ አዲስ መጥቷል ብዬ። የቀረውም አለቀ።

ኃይለየሱስ ወለንጪቲ ከሚያውቀው ታማሚ ቤት አንድ ብልቃጥ ተበድሮ አመጣልን። አባባ አሁን ደህና ናቸው። ሌላ የተለየ ነገር የለም። ብዙነህ ምን አለ ብለህ በወዬሳ ላስጠየቅኸኝ፣ ብዙነህ ምን ጊዜም የሚለው አያጣም።

ፋዲላ

አዳሚ ቱሉ፣ የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ፋዲላ፣

"አባባ ደህና ናቸው" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ወዬሳ ግን ከመኪናው ሳይወርድ "አባኬ ፈያ ሚቲ" አለኝ፤ አባትህ ደህና አይደሉም። ሁለት ሰው ደግፏቸው ሲሄዱ በዓይኑ አይቷል። ብዙነህ ምን እንዳለሽም ነገረኝ። "ልጁን አምጪ፣ ብልቃጡን ውሰጂ" ብሎሻል። ፍሪጁን ከዘጋበት ዕለት ጀምሮ እንዲህ ሲልሽ ከርሟል፣ አንቺ ግን ለኔ ስለ አህያና ስለ ዳውላ ትጽፊልኛለሽ።

መድኃኒቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የተረፈው ደህና መድኃኒት ያለው ብዙነህ ጋር ነው፤ ዋጋውም እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ምን የሚታሰብ ነገር አለ? መረቡን ለሰንበታ አስረክቤ ሰኞ እመጣለሁ። በቀጥታ ቀበሌ እገባለሁ። አንቺ ብልቃጦቹን መቀበልሽን ብቻ አረጋግጪ።

እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። ከሰፈራችን የሄደው ገመዳ ወደ ሰሜን ካለፈ ወዲህ እናቱ አንድ ወረቀት አላገኙም። ግን አባቴን ገድዬ ዓሣ ሳጠምድ መኖር ከዚያ ይብሳል። አውፍ በይኝ።

አብዱናሲር

ናዝሬት፣ የካቲት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ናስሩ፣

ሰላምታ የለኝም፤ ወዬሳ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ብትመጣ በር አልከፍትልህም። ብዙነህ ብልቃጦቹን ቢሰጠኝም አልቀበለውም፤ ዓይኑ እያየ አስፋልቱ ላይ እሰብራቸዋለሁ። ስሰድብህ ታውቀኛለህ፣ ስምልም ታውቀኛለህ። ወላሂ አደርገዋለሁ። ብዙነህ አንድ ቤት በመድኃኒት ከተሸነፈለት ነገ የአስም ኪኒን፣ ከነገ ወዲያ የሕፃን ወተት ይቆልፋል።

መድኃኒት ጠፋ ብለህ እንደሆነ አልጠፋም። እትዬ እናትነሽ በየቤቱ ተደብቀው ለሚጸልዩ ወገኖቻቸው ነገሩ። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ነርስ ብልቃጦች ላከችልን፤ በውኃ በራሰ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ያለ በረዶ። አንዱን እሳቸው ማሰሮ ውስጥ፣ አንዱን ጎረቤታችን ዙለይካ ቤት፣ አንዱን እኔ ጋ ቀብረናል። አንድ ቤት ቢፈተሽ ሁለት ይቀራል። ጴንጤዎቹ ለአባባ ይጸልያሉ፣ አባባም አሚን ይላሉ። ችግሩ ሌላ ነው።

አባባ ሰምተዋል። "ልጁን አምጪ" የሚለውን ራሱ ብዙነህ ሱቃቸው ድረስ መጥቶ ነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌውን እምቢ ብለዋል። ቀቅዬ ሳቀርብ ጭናቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። ምን እንዳሉኝ ቃል በቃል ልጻፍልህ። "እኔ ዕድሜዬን ገበያ ቆሜያለሁ። ሻጭ ዋጋ የሚጠራው ገዢው ዕቃውን ከፈለገው ነው። እኔ መድኃኒት ካልፈለግሁ ብዙነህ ልጄን በምን ይገዛዋል?" አሉኝ። የእትዬ እናትነሽን ብልቃጥ ባሳያቸው "ይኼም ሲያልቅ እሱው ጋ ነው የምንመለሰው፤ አሁኑኑ ይገላግለን" አሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ በእናቴ ቀብር አማልኳቸው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፣ እኔ ግን መከራው እስኪመክራቸው መጠበቅ አልችልም። አፋቸው መሽተት ጀምሯል። ኃይለየሱስ ይኼ ሽታ ከመጣ ጊዜ የለም ብሎኛል።

ሰኞ መምጣቱን ተውና ተቀመጥ፣ ለሳቸው ጻፍ። እኔን አይሰሙኝም። ላንተ ነው የሚሞቱት፣ አንተን ይስሙ።

ፋዲላ

አዳሚ ቱሉ፣ የካቲት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እትዬ ፋዲላ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብልዎ እለምናታለሁ። ወዬሳ ዓሣውን እስኪጭን ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ስለ ጤናዎ ጠይቄ እስክጨርስ ጊዜ የለኝም፣ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎንም አውቀዋለሁ።

ከልጅነቴ ሱቅ ውስጥ ከአቡጀዲው ጣቃ ላይ አስቀምጠው ንግድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሻጩን መጣያው አለመፈለግ ነው ብለዋል። ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ረስተዋል፣ አባባ። በዚህ ገበያ ዕቃው እኔ ነኝ፣ ዕቃው ደግሞ እግር አለው።

እርስዎ መርፌ ትተው እየሞቱ መሆኑን እየሰማሁ ኃይቅ ዳር አልቀመጥም። እርስዎ ከሞቱ በኋላም አልቀመጥም። ለምን ብዬ እደበቃለሁ? ለማን ብዬ? ስለዚህ ውሉ እንዲህ ነው። መርፌዎን በተወጉበት ቀን እኔ እዚህ ነኝ፣ መረቤን እጠግናለሁ። በተዉበት ቀን በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ብዙነህ ቢሮ ነኝ። እርስዎ እኔን ለማትረፍ ነው የሚሞቱት፤ እንግዲያው ሲሞቱ እኔን ለብዙነህ እንደሚሰጡኝ ይወቁት። እኔን ለማስቀረት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጭንዎ ላይ የሚወጋው መርፌ ነው።

ወዬሳ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። መወጋትዎን በዓይኑ አይቶ ይነግረኛል። እትዬ ፋዲላ ለርስዎም ለኔም እንደማትዋሽ ባላምንም፣ ወዬሳ ግን አይዋሽም።

አባባ፣ ደፋር መሆኔን አውቃለሁ። ቢመቱኝ ደስ ይለኛል። ለመምታት ግን መዳን አለብዎት።

ልጅዎ አብዱናሲር

ናዝሬት፣ መጋቢት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ናስሩ፣

ወዬሳ ዝዋይ ደርሶ የነገረህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አጥብቀህ ስለጠየቅኸኝ እኔም ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ደብዳቤህን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ "ይኼ ልጅ ዱርዬነቱን ከማን ነው የወረሰው?" አሉ። "ከናቱ ነው" አሉና ጋቢውን ገለጡ። ወዲያው ወጋኋቸው። ሰነባብተው እህል ቀመሱ፣ ጓሮውም ጸዳ።

ከዚያ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ብዙነህ ንግግሩን ሲጨርስ "ልጆቻቸውን ከእናት አገር ጥሪ የደበቁ ይነሱ" አለ። ሌላ የተነሳ የለም። አባባ ተነሱ። ምርኩዛቸውን እንኳ አልያዙም። "እኔ አብደላ ነኝ። ልጄን ደብቄያለሁ፣ የት እንደሆነም አልናገርም። መድኃኒቴን ከቢራ ጋር የቆለፈው ሰው ከፈለገ እኔንም እዚያው ይቆልፈኝ" አሉ። ብዙነህ በሕዝብ ፊት እንዲህ ተብሎ ዝም ማለት አልቻለምና ልጁ እስኪመጣ ብሎ ቀበሌው እስር ቤት አስገባቸው።

እኔ ደግሞ አልጮህኩም። ቤት ሄጄ ሲሪንጁን ቀቀልኩ፣ መዝናኛ ክበቡ ውስጥ ሰው ቢራውን ይዞ ሞቅ እስኪለው ጠበቅሁና ገባሁ። እትዬ እናትነሽና ዙለይካ ከኋላዬ ናቸው። ብዙነህ ከበላዩ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ከመጡ እንግዶች ጋር ተቀምጧል። ሲሪንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እስከ ዛሬ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ" አልኩት። ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ መንገር ጀመርኩ። ማታ በቀኝ ጭን ነው፣ ጠዋት በግራ። ከተወጉ ብዙ ሳይቆዩ መብላት አለባቸው። ካላባቸውና ነገር ካምታቱ ስኳር በጥብጠህ አጠጣቸው። ከዘለልከው ደግሞ እጅህ ላይ ይሞታሉ። ብልቃጡ ያለው እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንተው ጋ ነው፤ ይኼው ሁላችሁም ምስክር ሁኑ። ከእንግዶቹ አንዱ "የምን ብልቃጥ ነው የምታወራው?" ብሎ ብዙነህን ጠየቀው።

ያን ማታ ብዙነህ ራሱ ፍሪጁን ከፈተ። በማግስቱም ከፈተ። መውጋቱን እንኳ ለኔ ፈቀደ፣ ግን ሰዓቱ ሲደርስ እየተጣደፈ ብልቃጡን በሁለት እጁ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። አንድ ማለዳ "በግራ ነው በቀኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። አባባ "በግራ ነው ልጄ፣ እየለመድክ ሄድክ" አሉት። ጥበቃዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሲስቁ እንዳያያቸው ነው። ብዙነህ ከዚህ በላይ አልቻለም። "አባትሽን ውሰጂልኝ" አለኝ። "ከነብልቃጦቻቸው ነው" አልኩት። ከነብልቃጦቻቸው ሰጠኝ።

አንተን ግን አልማረህም፣ እወቀው። ስምህ አሁንም ዝርዝሩ ላይ አለ። ከዚያ አትነቃነቅ።

ፋዲላ

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ናስሩ፣

ረመዳን ሙባረክ። አባባ አይጾሙም፤ ሼኩ "በሽተኛ ነህ፣ አላህ አግርቶልሃል" ብለው ገሥጸዋቸው በግድ እሺ ብለዋል። በጾመኛ ሰፈር ቀን ምሳ መብላት ያሳፍረኛል እያሉ በር ዘግተው ይበላሉ።

መሠረተ ትምህርት ከተማሩ ወዲህ ከደብዳቤዬ ግርጌ ስማቸውን መጻፍ የሚወዱት ሰውዬ ፊርማቸው የት ሄደ ብለህ ጠየቅኸኝ። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ዘልዬዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ብዘለው አንተ መንገድ ትጀምራለህ።

አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል። ከቀበሌ ሳወጣቸው መቃኑን በእጃቸው ሲፈልጉ ነው ያወቅሁት። እሳቸው ግን እስር ቤት ሳሉም ያውቁ ነበር፤ ብዙነህ እንዳይሰማ ብለው ደበቁ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ ከዓይናቸው ጀርባ ደም ፈሷል፣ ስኳሩ ለዓመታት ሲበላው የኖረ ነው፣ አይመለስም አለ። ጨውህን አትውቀስ። መርፌ የተዉባቸውን ቀናትም እሳቸውን አትውቀስባቸው። እኔ ሁሉንም ወቅሼ ጨርሻለሁ፣ ምንም አልረባኝም።

እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። "ከነገርሽው ይመጣል" አሉ። አይመጣም ብዬ ተከራከርኳቸው። በመጨረሻ "እንግዲያው ንገሪው፤ ቢመጣም አላየውም፤ ፊቱን ሊያሳየኝ ብሎ እንዳይመጣ" አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተሰበረም፣ የኔ ነው የተሰበረው።

ስለዚህ ስማኝ። እነሱ ፍሪጃቸውን ወሰዱብን፣ አባታችንን አሰሩብን፣ ዓይናቸውም ሄደ። አንተን አላገኙም። አንተን ካገኙ ይህ ሁሉ በከንቱ ነው። እዚያው ታንኳህ ላይ ሁን፣ ሰንበታ ልጄ ሲሉህ አቤት በል፣ አግባ፣ ውለድ። "እመጣለሁ" የሚል መስመር ብትጽፍ አላነብላቸውም።

ሌላውን ግን ረጅም አድርገህ ጻፍ። ስለ ኃይቁ፣ ስለ ወፎቹ፣ ዛሬ መረቡ ስለያዘው፣ ምንም ሳታስቀር ጻፍ። ማታ መርፌያቸውን ከወጋኋቸው በኋላ "አንብቢልኝ" ይሉኛል፣ አዲስ ሳይመጣ ሲቀር የድሮውን፣ የተቃጠለውን፣ በቃሌ እደግምላቸዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ከራሴ እየፈጠርኩ።

እህትህ ፋዲላ